መቶ ዘንግ ደንገል

«ለሰሚሐ የሚሄደው ይሄኛው ነው። ያኛው ለማገዶ ነው።»

አባቴ ናቸው። ሱብሒ ሰግደው ከመስጊድ መመለሳቸው ነው፤ ጣና ገና ጉሙን አልገፈፈም፤ እኔም ገና ከአልጋዬ አልወረድሁም። በእኔ አልጋና በጓሯችን መካከል ያለው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ፣ ጓሮ የሚወራው ሁሉ ትራሴ ላይ የሚወራ ያህል ነው። በሕልሜ ይሁን በውኔ ሳልለይ ዐይኔን ጨፍኜ አዳመጥሁ። ደረቅ ደንገል፣ ታንኳ የሚታሰርበት የሐይቅ ዳር ቄጠማ፣ በጥፍር ሲመታ ይሰማል፤ ኳ፣ ኳ፣ ከዚያ ጥቂት ዝምታ፣ ከዚያ አንዱ ዘንግ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ሲወድቅ። ዕድሜ ልኬን ስሰማው የኖርሁት ድምፅ ነው። ልጅ ሳለሁ እንቅልፍ የሚወስደኝ በእሱ ነበር፤ ዛሬም ሊወስደኝ ምንም አልቀረው።

«ኧረ ሙሀመድየሱፍ፣ ምን ነካህ!» አለ ጎረቤታችን መስዑድ። እሱም እንደ አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው። «ከአንድ ሸክም እኩሌታውን ጣልኸው እኮ! ይሄ እኮ ታንኳ ቢሠራበት ደቅ ደሴት ደርሶ ይመለሳል።»

«ታንኳማ ይሠራበታል። ዩኒቨርሲቲ ግን አይገባም» አሉ አባቴ፣ በዚያ ቀስ ባለ አነጋገራቸው። «ትል የነካውን፣ ለጋውን፣ ጎባጣውን ላሸክማት? ልጄ እኮ በእኔ ደንገል ነው ነጮች ፊት የምትቀርበው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ወላሂ፣ አንኳኩቼ ድምፁን ያልሰማሁትን አንዲት ዘንግ አልሰጠኋትም።»

እንቅልፉ ጥሎኝ ሄደ። አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁና ቆርቆሮውን ትክ ብዬ አየሁት፣ ያዳመጥሁትን እሱ የሚያስተባብልልኝ ይመስል። ወይ ጉዴ! አልሁ ለራሴ።

እንግዲህ ለማያውቅ ልንገር። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አምና ዶክተር ሆኛለሁ። የሰው ሐኪም አይደለሁም፤ ይህንን ለሰፈሩ ሳስረዳ አንድ ክረምት አልፏል፣ አሁንም ጉልበቱን ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። የእኔ ሕመምተኛ ደንገል ነው። የደረቀ የደንገል ዘንግ ላይ ትንሽ ብረት አስሬ ውሃ ላይ አኖረዋለሁ፤ ውሃ ጠጥቶ እስኪሰጥም ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እመዘግባለሁ። በቃ፣ ይሄው ነው። ለዚህም በየወሩ መቶ ዘንግ አባቴ ከሐይቁ ዳር አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ያመጡልኛል፤ ከተመረቅሁም በኋላ አላቋረጡም። ሦስት ዓመት። በመመረቂያ መጽሐፌም ላይ በገዛ እጄ «ናሙናዎቹ ያለ ምርጫ፣ በዘፈቀደ የተወሰዱ ናቸው» ብዬ ጽፌአለሁ። የጣና ደንገል ሌላ አገር ከተለካው ደንገል ሁሉ በሁለት ቀን ያህል አብልጦ ይንሳፈፋል የሚለው ውጤቴ ያስደነቃቸው፣ ስሟን ለመጥራት ምላስ የምታስቸግር አንዲት የሰሜን አውሮፓ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ጠርተውኛል፤ ከተክል ግንድ ተንሳፋፊ መድረክ ሊሠሩ ነው። ፖስትዶክ ይሉታል፣ የሁለት ዓመት ሥራ። ሠላሳ አንድ ቦታ አመልክቼ መልስ የሰጠኝ ይህ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ቃለ መጠይቅም ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኮምፒውተር ነው። እነሱን ያስደነቃቸው ታዲያ የጣና ደንገል አልነበረም፤ የአባቴ ጥፍር ነበር። ይህንን የተረዳሁት በሌሊት ልብሴ፣ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ሥራውን ስጀምር «አባባ፣ አይምረጡ፣ ማንኛውም ይሁን» ብያቸው ነበር። ብያለሁ። ግን በእኛ ቤት «ማንኛውም ይሁን፣ አትቸገሩ» የሚል እንግዳ ሲመጣ ማነው ማንኛውንም የሚያቀርብለት? ትልቁ ቆሮሶ ዓሣ ነው የሚጠበስለት፤ እሱም ይህንን ስለሚያውቅ ነው እንዲያ የሚለው። አባቴም ልጃቸው ይሉኝታ ይዟት ነው ብለው ዝም አሉ፣ ደስም ሳይላቸው አልቀረም። እኔ ደግሞ ስንት የስታቲስቲክስ ኮርስ የቆጠርሁት፣ ያ የጥፍር ድምፅ በየሌሊቱ ከጆሮዬ ሥር እየመጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ምን እየተደረገ ነው ብዬ ጓሮ አልወጣሁም። ድምፁ ደስ ይለኝ ነበር፣ እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

እናቴ ሐቢባ ማድቤት ሻይ ጥዳለች። ምድጃው ውስጥ የሚነደው ደንገል ነው። እስከ ዛሬ አይቼው የማላውቀው ይመስል ቆሜ አየሁት፤ ጎባጣው፣ ቀዳዳው፣ ጫፉ የጠቆረው፣ ከመጽሐፌ የጎደለው ሁሉ በየማለዳው ሻይ ሲያፈላልን ኖሯል። ቂጣና ሻይ አቀረበችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። «ምነው፣ አፍሽ ተዘጋ?» አለችኝ። ቃለ መጠይቁ ነው አልኋት። ስለዚህ ፖስትዶክ ስለሚሉት ነገር ሰሞኑን ሦስት ጊዜ አስረድቻታለሁ፤ መማር አይደለም፣ ማስተማርም አይደለም፣ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ስታበቂ ሌላ ትፈልጊያለሽ፣ እሱም ሲያልቅ ሌላ። «እንደ ታንኳ ነዋ» ብላ ነበር በመጨረሻ፤ «ውሃ ሲጠጣ ትጥይዋለሽ፣ ሌላ ትሠሪያለሽ።» ከእሷ የተሻለ ያስረዳኝ ፕሮፌሰር የለም።

አባቴ ገብተው ከበሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ሻይ ሲጠጡ አይናገሩም። እናቴ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች። ጉሙ በበሩ ገብቶ ከጭሱ ጋር ተደባልቆ ቤቱን ሁሉ ነጭ አድርጎታል፤ የሦስታችንም ድምፅ ጠፍቶ ሻይ የምንጠጣው ውሃ ሥር ሆነን ይመስለኝ ነበር። ብርጭቋቸውን ሲያስቀምጡ ከኋላቸው ሦስት ዘንግ አወጡ፤ ቀጥ ያሉ፣ ወርቅ የመሰሉ፣ ጫፋቸው በቀይ ክር የታሰረ። «በዚያ በመስኮቱ ታሳያቸዋለሽ። ዐይናቸው ይየው» አሉኝ። ኮምፒውተሩን ማለታቸው ነው። ተቀበልኋቸው። ሲወጡ ጠብቄ፣ ከምድጃው አጠገብ ካለው ክምር ሃያ ዘንግ ያህል ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቄ ተነሣሁ።

«ማገዶዬን ምን ልታደርጊው ነው?» አለች እናቴ።

«ለሥራ ነው፣ እማ።»

«ይሄ? ለነጮቹ?» ብላ ከልቧ ሳቀች።

ባጃጁ ለከረጢቱ ሃያ ብር ጨምሪ አለኝ። «እህት፣ ማገዶ ይዘሽ ነው እንዴ ግቢ የምትገቢው?» እያለ በመስታወቱ ያየኛል። ጨመርሁለት፤ ለመከራከር ልብ አልነበረኝም። የመንገዱ ዘንባባዎች ግንዳቸው በጉም ተውጦ አናታቸው ብቻ አየር ላይ ቀርቷል። ከሐይቁ በኩል ወደ ገዳማቱ የምትሄድ የአንዲት ጀልባ ሞተር ይሰማል፣ ጀልባዋ ግን አትታይም። እስከ ግቢው በር ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር በልቤ የምለው፤ ያ አላህ፣ እነዚህም ቢንሳፈፉልኝ። አንድ ቀን ቢሆኑ፣ ሁለት ቀን ቢሆኑ፣ ብቻ ከዚያኞቹ ብዙ ባይለዩ።

የላቦራቶሪ ረዳታችን ሲና ገንዳውን ሞላችልኝ። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ብረቶቹን አብራኝ አሰረች፣ ሃያውን ዘንግ አብራኝ ውሃው ላይ አስተኛች። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ወንበር ስቤ ገንዳው አጠገብ ተቀመጥሁ። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ውሃው ላይ ወድቆ ጣሪያው ላይ ይወዛወዛል፤ ዘንጎቹም ቀስ፣ ቀስ እያሉ ይዞራሉ። እንደዚያ ሆነው ሳያቸው ሐይቁ ላይ ከሩቅ የሚታዩ ታንኳዎች ሆኑብኝ፤ አባቴም በአንዱ ላይ ቆመው መቅዘፊያቸውን ሲያነሡ ታዩኝ። አንቀላፍቼ ነው መሰለኝ። ሲና ትከሻዬን ነካችኝና ቀና ስል የመጀመሪያው ሰጥሟል። ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት እንኳ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ማየት ብቻ ነበር። ዘንጉ ሲሰጥም ድምፅ የለውም፤ አንደኛው ጫፍ ዝቅ ይላል፣ ጥቂት ያመነታል፣ ከዚያ ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኙ ከገንዳው ሥር ተኝተዋል። የአባቴ ምርጦች ሦስት ቀን ከግማሽ ነበር የሚቆዩት።

አማካሪዬ የነበሩት ዶክተር ጥዑመ ልሳን ቢሯቸው ሽሮ በሳህን አስመጥተው ሊበሉ ሲሉ ደረስሁባቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው። እጃቸውን ሳይታጠቡ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያስቸገረኝም ደግነታቸው ነው። «ሰሚሐ፣ አንቺ አልዋሸሽም» አሉኝ። «የጻፍሽው የምታውቂውን ነው። ዛሬ ካልጠየቁሽ አትናገሪ። ሂጂ፣ ሥራውን ያዢ፣ እዚያ ሆነሽ ዳግም ለክተሽ ታስተካክዪዋለሽ። እዚህ ተቀምጠሽ ግን በምን ታስተካክዪዋለሽ? ደመወዝሽ እንደሁ ከሰኔ ጀምሮ ቆሟል።» እውነታቸውን ነው። የሚጠላ ነገር አልነበረበትም። «ከጠየቁኝስ?» አልኋቸው። ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ብዪ፣ በባዶ ሆድ አይሆንም» አሉኝ።

ዙህር ሰገድሁ። ሱጁድ ላይ፣ ግንባሬ መሬት እንደነካ፣ ቆየሁ፣ መነሣቱ ከብዶኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ ዱዓ ያደረግሁ ይመስላችኋል? እንዳይጠይቁኝ ነው የለመንሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ፊት በኮምፒውተሩ መስታወት ታየ። ሁለቱ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ሦስተኛዋ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ ሴትዮ፣ የሁሉም አለቃ፣ ከኋላዋ መስኮት፣ ከመስኮቱ ማዶ በረዶ ይወርዳል። ዝም ብሎ፣ ሳይቸኩል ነው የሚወርደው። ዐይኔ እዚያ ላይ ቀርቶ፣ እዚያ በረዶ ውስጥ በካፖርት ስሄድ፣ ለእናቴ ገንዘብ ስሰድ፣ ለአባቴ የበረዶ ፎቶ ስሰድ ታየኝ፤ ሲያዩት «ይሄ ሁሉ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» ሲሉ ሁሉ ሰማኋቸው። ወጣቶቹ ስለ ገንዳው፣ ስለ ብረቱ ክብደት፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቁኝ፤ በደንብ መለስሁ። አንደኛው ፈገግ ብሎ «መጋቢት ላይ መጀመር ትችያለሽ?» አለኝ። እችላለሁ አልሁት። ጎኔ ላይ ቀይ ክር የታሰሩት ሦስት ዘንጎች አሉ። ላሳያቸው እጄን ስዘረጋ ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀችና «አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ዘንጎቹ እንዴት ነበር የሚመረጡት?»

ዝም አልሁ። ዝምታዬ ስለረዘመ ኔትወርክ የተቋረጠ መሰላቸው፤ «ትሰሚናለሽ? ታዪናለሽ?» እያሉ ሦስቱም ወደ መስታወቱ ተጠጉ። አሁን ክዳኑን ባጥፈው፣ በኋላ መብራት ጠፋ ብል፣ ማን ያውቅብኛል? ባሕር ዳር መብራት ጠፋ ቢባል ማን ይጠራጠራል! እጄ ክዳኑ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዐይኔን ጨፈን ሳደርግ እነዚያ ዘጠኝ ዘንጎች ገንዳው ሥር ተኝተው ታዩኝ፤ ቀጥሎ የታየኝ በእኔ ቁጥር የተሠራ መድረክ ላይ ሰው ቆሞ፣ አንደኛው ጫፍ ዝቅ ሲል ነው። «እሰማችኋለሁ» አልሁ። «በዘፈቀደ ብዬ የጻፍሁት ስሕተት ነው። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት። አባቴ ይመርጧቸው ነበር።»

የቀረውንም ነገርኋቸው፤ ጥፍሩን፣ ማገዶውን፣ የሰጠሙትን ዘጠኙን። ወጣቶቹ አንዱ አንዱን አየ። ሴትዮዋ ጥቂት ጻፈችና «እንግዲያው የለካሽው የደንገሉን ሳይሆን የአባትሽን ሙያ ነው» አለች፤ ሳትቆጣ። አዎ አልኋት። «ሥራው የሚጀምረው ከአንቺ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ከሌለ በመጋቢት የምንጀምረው ነገር የለንም፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሳይመረጥ ለክተሽ በሚመጣው ዓመት አመልክቺ፤ እኔ ራሴ አነበዋለሁ። ተስፋ ግን ልሰጥሽ አልችልም።» አመሰገነችኝ፣ አመሰገንኋት። መስታወቱ ጠቆረና የራሴ ፊት ቀረ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም።

ባጃጅ አልያዝሁም። በሐይቁ ዳር ዳር በእግሬ ሄድሁ፤ አለቀስሁም፤ ሰው ሲያልፍ ነጠላዬን እየሳብሁ፣ ካለፈ በኋላ እንደገና እያለቀስሁ። ውሃው ዝርግ ብሎ ተኝቷል፤ ሰማዩ የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ጣና የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታይም፣ በመሃሉ አንዲት ታንኳ ተንጠልጥላ ቀርታለች። ለአባቴ ምን ልበላቸው? ሌላ ሰው መረጡ ልበል፤ ይበቃል። ኮታ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ የሚባል አይጠፋም። ሰፈራችን እስክደርስ አራት ዓይነት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ከእውነቱ ይሻሉ ነበር።

አባቴ ጓሮ ተቀምጠው የታንኳ ማሰሪያ ልጥ ያረጥባሉ። ሲያዩኝ ቀድመው ያዩት ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው፤ ሦስቱ ዘንጎች ከነቀይ ክራቸው አሉ።

«አላሳየሻቸውም?»

«አላሳየኋቸውም፣ አባባ። ሥራውም አልሆነም።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ኸይር ነው» አሉ ቶሎ ብለው፤ ከዚያ ግን ቆዩና «ምነው? ደንገሉን ጠሉት? ምን እንከን አወጡለት?»

ከአራቱ ውሸት አንዱም አልመጣልኝም። «ምንም አላወጡለትም። ችግሩ እሱ ነው» አልኋቸው። «እነሱ ማወቅ የፈለጉት የጣናን ደንገል ነበር፤ ጎባጣውን፣ ትል የበላውን፣ ሁሉንም። እርስዎ የሰጡኝ ምርጡን ነው።»

ልጡን ከእጃቸው አኖሩ። እናቴ ከማድቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ?» አሉኝ አባቴ፣ ቀና ሳይሉ።

«እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት። አይምረጡ ስልዎ በይሉኝታ መስሎዎት ነው። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ አላስረዳሁዎትም። አሁን ሳይመረጥ እንደገና ለክቼ በሚመጣው ዓመት ላመልክት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሥተው፣ ጥግ ላይ የተከመረውን፣ ገና ያልተለየውን ደረቅ ደንገል ገመዱን ፈቱለት። «ስንት ነው የሚፈልጉት? መቶ አይደል?» አሉና ክምሩ ፊት ተቀምጠው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ገባኝ። እንዳይመርጡ ነው። እጃቸውን ሰደው አንድ ዘንግ ሳቡ፣ ወደ ቀኝ አኖሩ። ሁለተኛ ሳቡ። ሦስተኛው ላይ ጥፍራቸው ኳ አለ፤ ዘንጉም ወደ ግራ ሄደ። አምስተኛው ላይም እንደዚያው። ዐይናቸውን ገልጠው አዩት፤ በቀኝ በኩል ያለው ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ወርቅ የመሰለ ነው። ሻሻቸውን ፈትተው ዐይናቸውን አሰሩና እንደገና ሞከሩ። ጣታቸው የነካውን ዘንግ አንዴ በልዝቡ ያሻዋል፣ ከዚያ ይተወዋል፣ ሌላ ይፈልጋል። «እምቢ አለ» አሉ እጃቸውን ወደ ፊታቸው አምጥተው፣ በሻሹ ውስጥ የሚያዩት ይመስል። «ወላሂ፣ እጄ እምቢ አለ።» ድምፃቸው ተሰበረ። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

መጨረሻ ላይ ሻሹን ፈቱና «ሐቢባ፣ ነይ አንቺ አንሺ» አሉ።

እናቴ ደንገል አጭዳ አታውቅም፣ ለይታም አታውቅም፤ አንድዳ ነው የምታውቀው። መጥታ ተንበረከከችና ለምድጃ እንደምታነሣው፣ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ፣ እጇ የደረሰበትን መዝዛ አወጣች። ጎባጣ ነው፤ ወገቡ ላይ ትል የበሳው ሦስት ቀዳዳ አለ። የአባቴ እጅ ሊቀበላት ተዘረጋ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ። ያን እጃቸውን በሌላው እጃቸው ያዙት። ፊታቸውን ወደ ጣና አዞሩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። «ጻፊ እንጂ። አንድ።»

ጻፍሁ።